ትልቁ ትምህርት ቤት ወይስ ትንሹ?

በአርሲ ደጋ ልጅ ለትምህርት ስትደርስ ወላጆች ይመካከራሉ። አባት «አሰላ ዘመድ ዘንድ ትቀመጥና ትልቁ ትምህርት ቤት ትግባ» ይላል። እናት «የሰፈሩ ትንሽ ቢሆንም ቅርብ ነው እኮ» ትላለች። ታዲያ የማን ይሻላል?

ትልቁ ለየትምህርቱ መምህርና ቤተ መጻሕፍት ሊኖረው ይችላል። ክፍሉ ከተጨናነቀ ግን ዓይን አፋር ልጅ ትረሳለች። በትንሹ መምህሩ የቀረችውን ቶሎ ያውቃል፤ መጽሐፍ ግን ያጥረዋል።

መንገዱም ይታሰብ። በ1965 ዓ.ም. አሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም እንዲሁ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። ይሁንና የሰባት ዓመት ልጅ በሰኔ ጭቃ ያን ያህል ብትሄድ ደክማ ልታቋርጥ ትችላለች። ዘመድ ቤት ብትቀመጥም ሥራ በዝቶባት ማጥናት ያቅታት ይሆናል።

ስለዚህ ጀማሪ ልጅ ቅርብ ትማር። የሰፈሩን ስትጨርስ ወደ ትልቁ ትሻገር። እናንተም ማንበብ ችላችኋልና፣ ማታ ማታ ደብተሯን አስገልጣችሁ አስነብቧት። መማሯ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦
1. በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ስንት ልጆች ይማራሉ?
2. መምህሩ በየቀኑ ይገኛል? ሄዳችሁ እዩ።