«በሞቴ» ሲሉህ

ስኪፖል አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣህን በግራ ክንድህ ስታነሳ ካየሁህ እዚያው ሰው ፊት ነው የምጮህብህ። ያ ክንድ ለኩላሊት እጥበቱ የደም ሥር የተሠራበት ነው፤ ሸክም አይችልም፣ ሰዓትም አይታሰርበትም። አዲስ አበባ የምታገኝህ ነርስም ግፊት እንዳትለካበት፣ ደም እንዳትቀዳበት ቀድመህ ንገራት። ጠዋት ጠዋት ጣትህን አሳርፍበት፤ እንደ ንብ የሚነዝረው ከጠፋ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ። ዊልቸሩን ደግሞ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት አስመዝግብ። «ሽማግሌ አስመሰልሽኝ» ትለኛለህ፣ አውቅሃለሁ። የስኪፖልን መንገድ ጤነኛውም ያማርረዋል።

ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት አዲስ አበባ የእጥበት ተራ ያዝ። የሄፓታይተስ ቢ፣ የሲና የኤችአይቪ ውጤት ይጠይቁሃል፤ ደረቅ ክብደትህና የማሽኑ ትእዛዝ የተጻፈበት ደብዳቤም ያስፈልግሃል። ኢንሹራንሱ ምን ያህል እንደሚከፍል በጽሑፍ ይመልሱልህ። መድኃኒትህ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ከታጠብክ ማግስት ብረር። ስትመለስ ኤምአርኤስኤ የሚሉትን ባክቴሪያ እስኪመረምሩህ ለብቻህ ቢያደርጉህ አትከፋ፤ ውጭ አገር የታጠበን ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

«በሳምንት ሦስቴ፣ አራት አራት ሰዓት! ለአንዴ ብዘለውስ?» እንዳትል። አንድም ተራ ሳይዘሉ በሚታጠቡት ሰዎች እንኳ ከሁለት ቀን ክፍተት በኋላ ያለው ቀን ነው ብዙ ሞት የሚታይበት። ፖታሲየም ከተጠራቀመ ልብን ሳያስጠነቅቅ ሊያቆም ይችላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን አውሮፕላኑ ሳይሆን የአክስቶችህ ማዕድ ነው። ስፕሪስ ያቀርቡልሃል፤ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ፖታሲየም ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ፈሳሽ። የዶሮው ወጥ ጨው ያስጠማሃል፣ ጥሙ ጠላ ያስመኝሃል፣ ጠላው በማግስቱ ትንፋሽ ያሳጥርሃል። «በሞቴ» ሲሉህ አንዲት ጉርሻ ተቀበልና ፎስፌት የሚይዘውን ኪኒንህን አውጥተህ አሳያቸው፤ ኪኒን ያየች አክስት ትደነግጣለች። ጸበሉንም ተጠመቅ፣ እኔም እጸልይልሃለሁ፤ በሊትር መጠጣቱ ግን ላንተ አይሆንም። ለካህኑ ሕመምህን ንገራቸው፣ በጥቂቱ ያቀምሱሃል። ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ሥር ቅጠል የሚያመጣልህን ሰው ደግሞ አመስግነህ ሸኘው።

የእጥበት ማሽኑን «ሰንሰለቴ» ስትለው ደስ አይለኝም። ዶክተር ቪለም ኮልፍ እዚሁ ኔዘርላንድስ፣ ካምፐን ከተማ ውስጥ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. በጀርመን ወረራ ዘመን ነው ከቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን የሠራው። የመጀመሪያዎቹ በሽተኞቹ አንድ በአንድ ሞቱበት፤ በ1945 ነው አንዲት የ67 ዓመት ሴት የዳነችለት። ያቺም ከናዚዎች ጋር አብራለች ተብላ የታሰረች ነበረች፤ ሰውየው ግን ኩላሊቷን እንጂ ወገኗን አላየም።

አዲስ አበባ አጠገብህ የሚተኛው ሰው ገንዘብ አጥሮት በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚታጠብ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ለቀጣዩ ዙር ብር እያሰባሰበ ይሆናል። ስለ ቤተሰቡ ጠይቀው፣ ስለ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ አጫውተው፤ ሮተርዳም ላይ ኢንሹራንስ የሚከፍልልህን ታክሲ ግን እንዳታነሳበት።