የመንግሥት ደመወዝና የነፍስ አባት

ልጄ፣ መቱ ላይ የመንግሥት ሥራ መያዝህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልብህ ቀና ነው፤ ችግርህ ችኮላ ነው። ስለዚህ ይህችን ሳትዘል አንብባት።

1. እምነትህን አጥብቀህ ያዝ፣ ባለጉዳይ ላይ ግን አትጫነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ኢሉባቦር ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤውና ዋቄፈታው አንድ መስኮት ፊት ይሰለፋሉ። ጠረጴዛህ ላይ ጥቅስ ለጥፈህ የሰውየው ፋይል አንድ ቀን ቢዘገይ «በሃይማኖቴ ነው» ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ብትምልለትም አያምንህም።

2. እስር ቤት ብትመደብ፣ የታሰረ ሰው የነፍስ አባቱን ሲጠራ በር ክፈት። ቄስም ይሁን ሼህ ወይም ፓስተር፣ አንቀጽ 21 የሃይማኖት አማካሪውን ከሐኪሙና ከጠበቃው እኩል ቆጥሮለታል። «የጥየቃ ሰዓት አልፏል» ማለት ለአንተ ቀላል ነው፤ ለእሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀው ሰው ነው። ሕጉ ቄስ ቅጠርለት አላለህም፣ አትከልክለው ነው ያለህ። ሆስፒታል ብትመደብም ያው ነው። በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመህ የራስህን ጸሎት አታድርስበት፤ አቅም አጥቶ ዝም ያለ ሰው ፈቀደ አይባልም።

3. ሃይማኖትህን መንግሥት እንዲቀልብልህ አትመኝ። እኛ «ሃይማኖት የግል፣ አገር የጋራ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ በዚያው ዘመን ግን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ አድርጓት ነበር። ድጋፉ ጥሟት ኖረች። ከዚያ ደርግ መጣ። በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ የእሷም መሬት አብሮ ሄደ፤ በ1968 ደግሞ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። የቀለበ እጅ ማዘዝም ያምረዋል። ለማይገባ እጅ አለመታዘዝን ለመማር ደግሞ የጎሬውን ጳጳስ አቡነ ሚካኤልን አስብ፤ ጣሊያን በ1929 እዚያው ጎሬ ላይ የገደላቸው ለወራሪ አላድርም ስላሉ ነው።

4. «ቃዲውስ ከመንግሥት ደመወዝ ይበላ የለም?» ትለኝ ይሆናል። ይበላል። የሚከፈለው ግን ለዳኝነቱ ነው፣ ለስብከቱ አይደለም፤ የሚያየውም ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን የመሰለ ጉዳይ ነው። እሱንም ቢሆን የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በተከራካሪዎች ፈቃድ ይላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ በ1992 የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አንዲት እናት መጥሪያ ይዛ ብታማክርህ «ተዪው፣ አትሂጂ» አትበላት። ካልፈለገች ቀርባ አልፈቅድም ትበል። የክልሉን አሠራር ደግሞ ከራሱ ከፍርድ ቤቱ ጠይቅላት እንጂ በግምት አትንገራት።

5. የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለንግሥም ለመውሊድም ለኮንፈረንስም አታውጣ። አለቃህ ቢያዝህ «በጽሑፍ ይስጡኝ» በላቸው።