ያልደረሰ ጥቃት እንዴት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። መንግሥት ወጣቶችን ከጽንፈኛ ቡድኖች ለማራቅ ለማኅበራት ገንዘብ ሲሰጥ ዓመታት አልፈዋል። ሥራው መጥቀሙ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በቅጡ አልታወቀም። ይህን ያለው ተቃዋሚ ሳይሆን የአሜሪካ ኮንግረስ የራሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2011 በወጣው የመንግሥት ዕቅድ ከተያዙት 44 የአገር ውስጥ ተግባራት 19ኙ መፈጸማቸውን፣ 23ቱ መጀመራቸውን ቆጠረ። አገሪቱ ከ2011 ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ላይ ትሁን አትሁን ግን መለየት አልቻለም። ዕቅዱ የሚለካ ውጤት አልተቀመጠለትማ! ስብሰባ ተጠርቷል፣ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ የሰው አመለካከት ተለወጠ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ልኬቱ ከባድ መሆኑን አልክድም። ያው ሪፖርት ከ2001ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት ማግሥት እስከ 2016 መጨረሻ ሰው የሞተባቸውን 85 ጥቃቶች መዝግቧል፤ 62ቱ የቀኝ አክራሪዎች፣ 23ቱ የእስላማዊ ጽንፈኞች ናቸው። በ15 ዓመት 85 ጥቃት ማለት፣ ለሟች ቤተሰብ እያንዳንዱ መዓት ቢሆንም፣ ለስታቲስቲክስ ትንሽ ነው፤ የአንድ ዓመት መቀነስ የፕሮግራሙ ፍሬ ነው ብሎ መማል አይቻልም።

የእርስዎ ከተማ ከቦስተንና ከሎስ አንጀለስ ጋር ከፕሮግራሙ ሦስት የሙከራ ከተሞች አንዷ ነበረች። እዚያ ትኩረቱ የሶማሌ ማኅበረሰብ ላይ ስለነበር ብዙዎች ስለላ ነው ብለው ሸሹት። ስለዚህ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ልጇ ያሳሰባት እናት ፖሊስ ይመጣብኛል ሳትል ደውላ እርዳታ ትጠይቃለች? ገንዘብ የተቀበለውን ማኅበርም ሥራው ሳይጀመር ምን እንደለካና ገምጋሚው ከውጭ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁት።