ባለመብራት የእንጨት አግዳሚ ወንበር አሠራር

የፎገራ ሜዳ ለም የሩዝ ምድር ነው፤ በክረምት ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈስሱ ውኃ ይተኛበታል። ስለሆነም በወረታና በአካባቢዋ ለግቢ የሚሆን ባለመብራት አግዳሚ ወንበር የሚሠራ ወጣት አናጢ ከጌጡ አስቀድሞ ስለ እርጥበቱ ሊያስብ ይገባል።

አንደኛ፦ እንጨቱ። ዋንዛ ለመላግ ምቹ ነው፤ ምስጥንም በመጠኑ ይቋቋማል። ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይጣመማል፤ መጋጠሚያውም ይላቀቃል። ስለዚህ ጣውላው በየመካከሉ ስስ እንጨት እየገባበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ተደርድሮ ይድረቅ። የወንበሩ እግሮችም በአፈር ሳይሆን በድንጋይ ላይ ይቁሙ።

ሁለተኛ፦ መብራቱ። ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ባለ12 ቮልት የኤልኢዲ ጥብጣብ ከመቀመጫው የፊት ጠርዝ ሥር ሲለጠፍ ዓይን ሳይወጋ መሬቱን ያበራል። በሜትር 5 ዋት የሚወስድ 1.5 ሜትር ጥብጣብ በ4 ሰዓት 30 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ባለ12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛልና ከግማሹ በታች ብቻ ይወሰድበታል፤ ይህም ዕድሜውን ያረዝመዋል። በማግስቱ በፀሐይ ኃይል ይሞላል።

ሦስተኛ፦ ጥንቃቄው። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይግባ፤ ባትሪው ጎርፍ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ይቀመጥ። የ220 ቮልት መስመር ወደ ወንበሩ ፈጽሞ አይሳብ፤ እርጥብ መሬት ላይ የተቀመጠን ሰው ሕይወት ያሳጣልና።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሳይጣመም፣ መብራቱም ሳይጠፋ የተገኘ ወንበር ለአናጢው ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ይመሰክርለታል።