ቨርዥን 1.0 ከማውጣታችሁ በፊት፦ የቀን መቀየሪያ ላይብረሪን ኤፒአይ ማጽናት

አምበር ከተማ ላይ የጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርት የምታስገባ ባለሙያ ከስክሪኑ ጀርባ የትኛው ኮድ እንደሚሠራ ማወቅ አይጠበቅባትም። ጥቅምት 2018 ብላ የመዘገበችው ጥቅምት 2018 ሆኖ ወረዳ ከደረሰላት ይበቃታል። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትና ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ ክፍት ኮድ ነው፤ በእኛ የዘመን አቆጣጠርም ይሠራል። ከእሱ ሌላ ቀንን ከኢትዮጵያ ወደ ግሪጎርያን የሚቀይሩ ትንንሽ ክፍት ላይብረሪዎች አሉ፤ ይህ መመሪያ እነዚህን በትርፍ ጊዜያቸው ለሚጽፉ ነው።

በመጀመሪያ፣ ለተጠቃሚ ቃል የምትገቡትን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። የፈንክሽኖቹ ስም ብቻ አይበቃም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚገቡበት ቅደም ተከተል አለ። የመስከረም ቁጥር 1 ነው ወይስ 0? ጃቫስክሪፕት ወርን ከ0 ስለሚቆጥር በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የተሳሳተ ቀን ሲገባ የሚሆነው ነው። ጳጉሜን በ2015 ስድስት ቀን ነበራት፣ በ2016 አምስት። አንድ ሰው ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ብሎ ቢያስገባ ላይብረሪያችሁ ስህተት ነው ይላል ወይስ ዝም ብሎ ወደ መስከረም 1 ቀን 2017 ያሻግረዋል? እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የተሳሳተ የልደት ቀን በዝምታ መዝገብ ውስጥ ከሚገባ ፎርሙ ቢቆም ይሻላል። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ጻፉት። በ1.2 እያሻገረ ቆይቶ በ1.3 ስህተት የሚል ላይብረሪ፣ ጸሐፊው «ባግ አስተካከልኩ» ቢልም፣ ኤፒአዩን ለውጧል።

የወር ስሞችም እንዲሁ ናቸው። «ጳጉሜ» እያለ ይመልስ የነበረውን በአዲስ ቨርዥን «ጳጉሜን» ብታደርጉት፣ በስሙ የሚያነጻጽር የሰው ኮድ ይሰበራል። ስለዚህ ማነጻጸሪያው የወሩ ቁጥር እንደሆነ፣ ስሙ ለዕይታ ብቻ እንደሆነ ገና ከጅምሩ አስታውቁ። የውስጥ ፈንክሽኖችን ደግሞ ከውጭ እንዳይጠሩ ዝጉ። ክፍት የተተወውን አንድ ሰው መጠቀሙ አይቀርም።

ቀጥሎ የቨርዥን ቁጥሩ ነው። ቶም ፕሬስተን-ወርነር የጻፈው የቨርዥን አሰጣጥ ደንብ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል፦ የነበረውን የሚሰብር ለውጥ የመጀመሪያውን ቁጥር፣ የማይሰብር አዲስ ነገር የመካከለኛውን፣ የባግ እርማት የመጨረሻውን ይጨምራል። በ0 የሚጀምር ቨርዥን ሁሉም ሊለወጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሆኖም ሰው በእውነተኛ ሥራ ላይ ካዋለው በኋላ ለዓመታት 0 ላይ መቆየት ኃላፊነትን መሸሽ ነው። 1.0 ከመባሉ በፊት የሙከራ ቨርዥን አውጡና ኮዱን ያልጻፉ ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ፎርም ይሥሩበት። እጃቸው የተያዘበት ቦታ ያልጸናው ቦታ ነው።

የሪሊዝ ቀን በተጠቃሚው ዓመት ይቆረጥ። ኡቡንቱ በየኤፕሪሉና በየኦክቶበሩ ይወጣል፤ ያልደረሰ ሥራ ቀጣዩን ይጠብቃል። ለእኛ ሰኔና ሐምሌ አይሆኑም፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሪፖርት ላይ ነው። ኅዳርና መጋቢት ይሻላሉ። ከሪሊዙ ሁለት ሳምንት በፊት አዲስ ነገር መቀበል አቁሙና ቴስት ላይ አተኩሩ። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ላይ መዋሉን የማይፈትሽ ቴስት አልተሟላም።

ስም መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌው ስም እየሠራ ይቆይ፤ ሲጠራ ግን ማስጠንቀቂያ ይስጥ፣ ተተኪውንም ይጥቀስ። የሚወገደው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው ቁጥር በሚጨምርበት ሪሊዝ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ አፕዴት በፍላሽ ነው የሚደርሰው፤ ዓመት ረጅም አይደለም። ዲኤችአይኤስ 2 የመጨረሻዎቹን ሦስት ቨርዥኖች ይደግፋል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሁለት በቂ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው አይነበብም ነበር። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በቨርዥን 3.0 ፊደላችንን ካካተተ ወዲህ የ«ሀ» ቁጥር አልተነካም። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. የተጨመሩት ፊደላት በአዲስ ቦታ ተቀመጡ እንጂ ነባሮቹን አልገፉም። ያኔ በዩኒኮድ የተጻፈ ፋይል ዛሬም ይነበባል።

የእናንተም ላይብረሪ እንዲሁ ይሁን፦ አንድ ጊዜ የወጣ ቨርዥን አይነካም፤ 1.4.0 ላይ ስህተት ከተገኘ 1.4.1 ይወጣል። ከእያንዳንዱ ሪሊዝ ጋር የለውጥ ማስታወሻ በአማርኛም ጻፉ። የመጀመሪያው መስመር ተጠቃሚው ኮዱ ላይ ምን መቀየር እንዳለበት ይናገር፤ የሚቀየር ከሌለም «ምንም» ይበል።