ሲሠሩ የሚነሣ የዳሌ ሕመም

በጉራጌ አገር እንሰት ሲፋቅ የዋለች እናት ማታ ከሥራዋ ስትነሣ አንድ እጇን በጉልበቷ፥ አንዱን በዳሌዋ ላይ ደግፋ ነው። «ምን ሆነሽ?» ብለው ቢጠይቋት «ኧረ ምንም፥ ብርድ ነው» ትላለች። ብርድ ግን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የሚመጣው ከአሠራር ስለሆነ አሠራርን በማስተካከል ይቀንሳል። አንዳንዱ ግን ከሥራ የመጣ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከባድ ነገር አይደለም።

ዳሌ ምን ዓይነት መጋጠሚያ ነው? ሙቀጫና ዘነዘና ያስቡ። የጭን አጥንት ጫፉ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ በዳሌ አጥንት ውስጥ ካለው ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ ወደ ፊት፥ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይዞራል። ዙሪያውን ጅማትና ጡንቻ አጥብቆ ይዞታል። ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ለጥቂት ጊዜ በአንድ እግሩ ብቻ ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ ዳሌው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ 20 ሊትር ውኃ፥ ማለት 20 ኪሎ፥ አዝለው ዳገት ሲወጡ ዳሌዎ ምን ያህል እንደሚሸከም መገመት አያቅትም።

ሕመሙ የት እንደሆነ በጣትዎ ያመልክቱ። ከፊት በብሽሽት በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ ከመጋጠሚያው ከራሱ ነው። በጎን በኩል፥ አጥንቱ ወጣ ባለበት ላይ ሆኖ ማታ በዚያ ጎን መተኛት የሚከለክል ከሆነ፥ የደከመው ጅማት ነው። ከመቀመጫ ተነሥቶ በእግር ቁልቁል የሚወርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ ይመጣል።

አሁን ወደ እንሰቱ እንመለስ። እናቲቱ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ ከግንዱ የተላጠውን ባዘነበለው ሳንቃ ላይ በተረከዟ ወጥራ ትይዛለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ደግሞ ወደ ታች ትፍቃለች። ያ እግር በዳሌው ላይ ታጥፎ፥ እየገፋ ሰዓት ሙሉ ይቆያል። ጡንቻው አያርፍም፤ መጋጠሚያውም ከፊት በኩል እንደተጨነቀ ነው። መፍትሔው ሥራውን መተው አይደለም፤ ቆጮ ካልተፋቀ ምን ይበላል? ነገር ግን መሬት ላይ ከመቀመጥ ዝቅ ያለ በርጩማ ወይም የተጠቀለለ ጆንያ ከሥር ያድርጉ፤ መቀመጫ ትንሽ ከፍ ሲል ዳሌ ያን ያህል አይታጠፍም። እግርዎን ይቀያይሩ። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፥ እጅም አይታዘዝም፤ በጥቂት ቀን ግን ይለመዳል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። በደቦ የሚፋቅ ከሆነ አንዷ ስትፍቅ ሌላዋ ብትጨምቅና ብትቀያየሩ ለሁሉም ይቀላል።

ሕመም ሲሰማ ሙሉ በሙሉ መተኛት አይጠቅምም፤ ጡንቻው ይሟሽሻል። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ሲሠሩ ትንሽ ቢሰማዎትና በማግሥቱ ጠዋት ቢተውዎት ሥራዎን ይቀጥሉ። በማግሥቱ ከብሶ ካገኙት ወይም ካነከሱ ሥራውን በግማሽ ይቀንሱ። በሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ቢያሳርፉበት ያስታግሣል፤ ቆዳ እንዳያቃጥል አስቀድመው በክንድዎ ይሞክሩት።

ጡንቻውን ማጠንከር ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ሰሌን ወይም ጅባ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ እግርዎ መሬት እንደረገጠ መቀመጫዎን ቀስ ብለው ወደ ላይ አንሥተው አምስት እስኪቆጥሩ ያቆዩ፤ ያውርዱ። 10 ጊዜ። ከዚያ በማያምዎ ጎን ተኝተው የላይኛውን እግር ሳያጥፉ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ይህም 10 ጊዜ። በቀን ሁለት ዙር ይበቃል። በሳምንት ለውጥ አይጠብቁ፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚተወው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ ምርኩዙ በሚያመው በኩል ሳይሆን በደኅናው እግር በኩል ይሁን። ይህ ለብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የታመመው ዳሌ የሚያርፈው እንደዚህ ሲሆን ነው። በእጅ የሚያዝ ዕቃ ግን በሚያመው በኩል ቢያዝ ይሻላል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልናገር። ከገበያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ ለሕመም ማስታገሻ ብለው ደክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚውጡ ሰዎች አሉ። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ያንኑ የዳሌ አጥንት ራስ ደም አሳጥቶ ሊያሞተው ይችላል። ሕመምን ለማጥፋት ተብሎ ዳሌ ይጠፋል ማለት ነው። ቀድሞውኑ ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩ ግን በድንገት አያቋርጡ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንስዎታል።

ከሥራ ያልመጣው ሕመም እንዴት ይታወቃል? ሥራ ባይሠሩም ሌሊት የሚነሣ፥ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለበት፥ ሰውነት የሚያከሳ ከሆነ ከወተት የመጣ ሊሆን ይችላል። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከላምና ከፍየል ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ወገብንና ዳሌን ይይዛል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለውም በሽታ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የዳሌን መጋጠሚያ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ወተት ገንፍሎ እስኪወጣ ይፍላ። ላም ስትጨነግፍ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አይንኩ፤ እጅዎን በላስቲክ ጠቅልለው በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት፤ ውሻ እንዳያወጣው።

አሮጊት እናት ወድቀው መነሣት ቢያቅታቸው፥ እግራቸውም አጥሮ ወደ ውጭ ቢዞር አጥንቱ ተሰብሯል ማለት ነው። ማሸትም መጎተትም አይገባም፤ በሳንቃ ወይም በቃሬዛ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የልጅ ነው። ደኅና ሲሮጥ የነበረ ልጅ ትኩሶት እግሩን አልረግጥም ቢል፥ እግሩ ሲነካም ቢጮህ፥ በመጋጠሚያው ውስጥ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። መግል የዳሌን ኳስ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላዋል፤ ልጁም ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። «ወድቆ ይሆናል፥ ወጌሻ ይየው» ብሎ ማደር እዚህ ላይ አይሆንም። ወጌሻ በወለምታ ይረዳ ይሆናል፤ መግልን ግን ማሸት ያባብሰዋል። አንዳንድ ጊዜ ልጅ ከጉንፋን በኋላ ያለ ትኩሳት ለጥቂት ቀን ያነክስና በራሱ ይድናል፤ ያንንም ቢሆን የጤና ባለሙያ አይቶ ይለየው። ትኩሳት ካለ ግን በዚያው ቀን፥ ሌሊትም ቢሆን፥ የቀረበውን ጤና ጣቢያ ሳያድሩ ይድረሱ፤ ከዚያ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ይልኩታል። በመንገድ ላይ እግሩን ለማቃናት አይሞክሩ፤ ራሱ አጥፎ በያዘው ሁኔታ ከሥሩ ጨርቅ አድርገው ይውሰዱት።