ጎርፍ ከጎደለ በኋላ ስለ መንደር መገናኛ ቦታ አሠራር

የጣና ዳር እናቶች የክረምቱን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ፤ ሐይቁም ከፍ ሲል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የፎገራ ሜዳ ባሕር ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያው ዘመን አተት የሚባለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በብዙ የአገራችን ክፍል ገብቶ ነበር።

ውሃው ሲጎድል ሰው ሁሉ ቤቱን ለመጠገን ይሮጣል፤ ደግም ነው። ነገር ግን ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ፣ ማለት የውሃው ጉድጓድ ዙሪያ፣ የመሰብሰቢያው ዛፍ ጥላና የልጆች መጫወቻ ሜዳ፣ ባለቤት የለውም ተብሎ ይተዋል። በሽታ የሚዛመተው ግን ከዚያ ነው። ለምን ቢሉ፤ ጎርፍ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ሞልቶ የሁሉን ቤት ዓይነ ምድር በሜዳው ላይ ይበትነዋል። ልጅ ደግሞ መሬት የነካ እጁን ወደ አፉ ይከታል።

እንግዲህ አስቀድሞ ግድግዳው ሳይመረግ፣ ጎርፉ በግድግዳና በዛፍ ግንድ ላይ የተወውን የጭቃ መስመር እዩ። የጉድጓዱ አፍና የእጅ ፓምፑ መደብ ከዚያ መስመር በላይ በድንጋይ ከፍ ብሎ ይሠራ። የፈሰሰው ውሃ በቦይ ወደ ጎመኑ መደብ ይውረድ፤ ከረጋ ግን የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ከብት ለብቻው ዝቅ ብሎ ይጠጣ።

ሽንት ቤቱ ከውሃው 30 ሜትር፣ ማለት አርባ እርምጃ ያህል ይራቅ፤ በቁልቁለቱም በኩል ይሁን። «ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ» የሚለው የደጋ ምክር ለፎገራ አይሆንም። በክረምት የመሬቱ ውሃ ቅርብ ነውና። የጉድጓዱ ወለል ከመሬቱ ውሃ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል፣ አፈር ቆልሎ ጉድጓዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ቦታው ሲመረጥ ወንዶች ብቻ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይወስናሉ፤ ይህ ልክ አይመስለኝም። ውሃ የምትቀዱት፣ በማታ ልጅ ይዛችሁ ወደ ሽንት ቤት የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። መንገዱ ያስፈራ እንደሆነ፣ ሕፃን ከቤት ደጃፍ ሆኖ ይታይ እንደሆነ ተናገሩ።

ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውሃው ተቀድቶ ሳይጸዳና በክሎሪን ሳይታከም አይጠጣ። ይህን ለማድረግ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ፤ እስከዚያው የምትጠጡትን እስኪፍለቀለቅ አፍሉ።